ከሰባት ቀጥሎ ያለው አውቶቡስ

በመናኸሪያው ድምጿን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ መልኳን የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። የምትሠራው ከቲኬት መሸጫው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚያወጣው የብረት ደረጃ በተረገጠ ቁጥር ይንቃጨላል፤ የመስኮቱን መስታወት ግማሹን አቧራ፣ ግማሹን ጊዜው ያለፈበት የጉዞ ሰሌዳ ሸፍኖታል። እሷ ግን መዳፍ በምታክል ንጹህ ቦታ አጮልቃ ግቢውን ሁሉ ታየዋለች፦ የትኛው አውቶቡስ እንደሞላ፣ የትኛው ሾፌር ሻይ ቤት ተጎልቶ ወሬ እንደሚሰልቅ፣ የማን ሻንጣ በማን እጅ እንደተነሳ። ከዚያ በላስቲክ የታሰረውን ማይክሮፎን ሳብ አድርጋ፣ "ክቡራን መንገደኞች!" ስትል ጠበኛውም ዝም፣ ነጋዴውም ዝም ይላል።

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም "ራዲዮ" ይላታል። ራዲዮ ኩሩ ሴት ናት። ኩራቷ በልብስና በጌጥ አይደለም፣ በሥራዋ ነው። እሷ ማይክሮፎኑን ከያዘች ወዲህ መንገድ ስቶ ሌላ ከተማ የገባ መንገደኛ አልተሰማም። አዲስ ሾፌር መጥቶ፣ "እባክሽ ሁለት ሰው ብቻ ይቀረኛል፣ ትንሽ ልጠብቅ" ብሎ ቢለምናት፣ "ሰዓት አክስትህ መሰለችህ እንዴ የምትጠብቅህ?" ብላ ታሰናብተዋለች።

ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ጎማ ይለጥፋል። "እኔ ሚስቴን በዓይኔ ሳላይ በጆሮዬ ነው ያጨኋት" እያለ ለደንበኞቹ ያወራል። ውሸት የለበትም። ጎማ እየነፋ ድምጿን ሲሰማ በልቡ መለሎ፣ ደረጃ የማያስፈልጋት ረጅም ሴት አድርጎ ስሏት ኖሯል። አንድ ቀን ስትወርድ ሲያያት ትከሻው ላይ እንኳ የማትደርስ ሆና አገኛት።

"ቁመትሽ ማጉያው ውስጥ ቀረ እንዴ?" አላት።

"ያንተ ጨዋነት ጎማው ውስጥ እንደቀረው" አለችው። በዚያው ተግባቡ፣ ተጋቡም።

የራዲዮ እናት የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ከትልቅ ገደል ግርጌ በተጠጋች መንደር ነው። በእረፍት ቀኗ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍራ ትጠይቃቸዋለች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር እናትና ልጅ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ይጨዋወታሉ። ከበላያቸው፣ በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሽኮኮዎች ይንጫጫሉ። ንፋስ የሌለበት፣ ለስላሳ አመሻሽ ነው፤ ማንም ሰው ክፉ ነገር አይጠረጥርበትም።

ከእነዚህ ጉብኝቶች ካንዱ በኋላ፣ ወራት አልፈው፣ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ፣ ከአፍንጫዋ ሥር ብጉር የመሰለች ነገር ወጣች። አታሳክክም፣ አታምም። ራዲዮ ናቀቻት። ብጉሯ ግን ቀስ ብላ ጠነከረች፣ ሰፋች፣ መሐሏ ላይ ቅርፊት አበጀች። ለእናቷ ስታሳያቸው እናት ሳቁ።

"ቁንጭር ናት እኮ! እዚህ መንደር ቁንጭር ያልወጣበት ሰው እንግዳ ነው። እኔንስ አታይኝም?" ብለው ጉንጫቸውን አዞሩላት። ጉንጫቸው ላይ፣ እርጥብ ሸክላን አውራ ጣት እንደተጫነው ያለ አሮጌ ጠባሳ አለ። "በልጅነቴ ወጣች፣ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠች፣ ሲበቃት ሄደች። እንግዳ ናት፣ ትሄዳለች።"

እናት አልዋሹም። የእሳቸው ሄዳለች፤ የብዙ ጎረቤቶቻቸውም ጠባሳዋን ጥላ ሄዳለች። የራዲዮ ቁንጭር ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበረች። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላው ሲመጣ ከንፈሯ አበጠ፣ እብጠቱ ወደ አፍንጫዋ ወጣ፣ ውስጡም ተደፈነ። አንዱ ጎረቤት "በጋለ ብረት ትተኮስ" አለ፤ ባሏ "በእኔ ሱቅ የጋለ ብረት የሚነካው ጎማ ብቻ ነው" ብሎ አባረረው። ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ የተሰጣት ቅባትም ያበጠውን አወዛው እንጂ አላጎደለውም።

ቀድሞ የሸሻት ግን መልኳ ሳይሆን ድምጿ ነው። አንድ ጠዋት ማይክሮፎኑን ስባ እንደወትሮዋ "ክቡራን መንገደኞች" ልትል ብላ "ክቡራድ በድገደጆች" አለች። ጫኞቹ በሳቅ ፈረሱ። "ስምንት ቁጥር" ስትል ደግሞ "ስብድት ቁጥር" ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለራሷ ደህና የተናገረች መስሏት ነበር። አፍንጫዋ ስለተዘጋ "መ" እና "ነ" እንደ ሌባ ከአፏ አምልጠዋል።

ራዲዮ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ አሰበችና እነዚህን ሁለት ፊደሎች ከሥራ አባረረቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "መንገደኞች" የሚለው ቃል ቀርቶ "ተጓዦች" ሆነ። "አሁን" ቀርቶ "ወዲያው" ሆነ። ያስቸገራት የእናቷ መንደር አውቶቡስ ብቻ ነበር፤ "ስምንት"ን በምን ይተኳታል? መቼም ቁጥር ተለዋጭ ስም የለውም። በመጨረሻ ዘየደችው፦

"ውድ ተጓዦች! የገደሉ ግርጌ አውቶቡስ፣ ከሰባት ቀጥሎ ያለው፣ ሊወጣ ደርሷል፤ ቶሎ ቶሎ ይግቡ!"

መንገደኛው ግራ ተጋባ እንጂ አልሳቀም። ነገሩ የገባው ባሏ ብቻ ነው። ጎማውን ጥሎ ደረጃውን ወጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ከሰባት ቀጥሎ ያለው?" አላት።

"ምን አጠፋሁ? ሰባትን የሚከተለው እሱ አይደል?" አለች፤ በታፈነ ድምፅ።

ጎሚስታው ቀልደኛ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ቀልድ አልመጣለትም። "ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን" አላት። እሷ "ፈቃድ የለኝም" አለች። ፈቃዱ ግን ሳትጠይቀው መጣ፦ የመናኸሪያው ኃላፊ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነገር ግን ሰው እየሸሻት መሆኑን አይቶ "ትንሽ እረፍት ውሰጂ፣ እስክትድኚ የተቀዳ ድምፅ እናስገባለን" አላት። ወደ ሆስፒታል በሚወስዳት ታክሲ ውስጥም አጠገቧ የነበረች ሴት ፊቷን አይታ ቦታ ስትቀይር፣ ራዲዮ ቀና ብላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ የቀራት ይህ ኩራት ብቻ ነበር።

በሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች። ከንፈሯን አየች፣ አፍንጫዋን በትንሽ መብራት አየች፣ ከዚያ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ኑሮዋ ጠየቀቻት።

"ገደል አካባቢ ይሄዳሉ?"

"የእናቴ ቤት ነው።"

"አመሻሽ ላይ ውጭ ይቀመጣሉ? ሽኮኮ አለ?"

ራዲዮ ተገረመች። "ማን ነገረዎት?"

"ሕመሙ ራሱ ይናገራል" አለች ሐኪሟ። ከቁስሉ ጠርዝ ቆንጥጣ በስለት ጫፍ ጫረችና የወጣውን በስስ መስታወት ላይ ቀባችው። ውጤቱ ሲመጣ ለባልና ሚስቱ አስረዳቻቸው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ስትበርም ድምፅ የሌላት ዝንብ አለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። ሽኮኮውን ትነድፋለች፣ በዓይን የማይታየውን ጥገኛ ተሕዋስ ከደሙ ትወስዳለች፣ ከዚያ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ፊት ወይም እጅ ትነድፋለች። የምትነድፈው ያልተሸፈነውን ነውና ጠባሳው የሚበዛው ፊት ላይ ነው፤ የሚበዛውም በሕፃናት ላይ።

"እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው በመነካካትም አይተላለፍም" አለች። "ግን ቁንጭር ስሟ አንድ ይሁን እንጂ መልኳ ሦስት ነው። የእናትዎ አንድ ቦታ ላይ ወጥታ፣ ቆይታ፣ በራሷ የምትሄደው ናት። የእርስዎ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ የምትገባዋ ናት፤ እሷ በራሷ አትሄድም። ቢተዋት የአፍንጫዎን ግድግዳ ከውስጥ ትበላዋለች። ሦስተኛዋን ተኝተው ሲታከሙ ያዩዋታል።"

"ድምፄስ?" አለች ራዲዮ። ስለ መልኳ አልጠየቀችም።

"እብጠቱ ሲወርድ አየሩ መንገድ ያገኛል። እንደድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።"

ራዲዮ ይህንን ወደደችላት። የማትችለውን ቃል የማትገባ ሴት፣ ያለሰዓቱ አውቶቡስ የማታስነሳ ሴት ናት ብላ አሰበች።

ሦስተኛዋን መልክ ያየችው በተኛችበት ክፍል ውስጥ ነው። የያዘችውም አንድ ሽማግሌ ግንበኛን ነበር። ግንባራቸው፣ ጉንጫቸው፣ ጆሯቸው፣ ክንዳቸው ሁሉ በድድር እብጠት ተሞልቷል፤ አንዱም ግን አልቆሰለም። ሰውነታቸው ጥገኛውን እንደ ጠላት ስላላየው፣ ሳይዋጋው በቆዳቸው ሁሉ ተንሰራፍቶባቸዋል። ለዓመታት ሥጋ ደዌ ነው ተብለው የማይገባቸውን መድኃኒት ውጠዋል፤ የገዛ ወንድማቸው የሚጠጡበትን ብርጭቆ ለይቶባቸዋል። ሐኪሟ ዓይናቸውን አስጨፍና እብጠቱን በጥጥ ስትነካ፣ "እዚህ… አሁን ደግሞ እዚህ" እያሉ ሁሉንም አወቁ። ሥጋ ደዌ ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ይደነዝዝ ነበር። ያን ቀን ግንበኛው ከበሽታው ሳይድኑ ከስሙ ዳኑ።

ራዲዮ ክፍሉ በገባችበት ቀን፣ ገና ዕቃዋን ሳታስቀምጥ "ጤና ይስጥልኝ" ስትላቸው ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ቆይ፣ ቆይ… አንቺ የመናኸሪያዋ አይደለሽም?"

"በዚህ ድምፅ እንዴት አወቁኝ አባባ?"

"ልጄ፣ ግድግዳ ቢላጥም የሠሪው እጅ ይታወቃል። ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ሥራ የላክሽኝ አንቺ ነሽ!"

ራዲዮ ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

መርፌው ቀላል አልነበረም። በየቀኑ ነው፤ ጡንቻን ይጠዘጥዛል፣ መገጣጠሚያን ያማል፣ የልብ ምርመራም ይከታተለዋል። ወደ መርፌ መውጊያው ጓዳ ልትወስዳቸው ነርሷ በሩ ላይ ስትታይ፣ የክፍሉ ሕመምተኞች ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ይገባሉ። አንድ ጠዋት ራዲዮ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ቁጭ አለችና፣ አንድ ብርጭቆ እንደ ማይክሮፎን ይዛ ጮኸች፦

"ውድ ተጓዦች! ወደ ጓዳው፣ ለጥቂት ሥቃይ፣ ጉዞ ሊጀ… ሊከፈት ደርሷል! አባባ ይግቡ!"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ግንበኛው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ "ቲኬቴን ይዣለሁ!" ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ያለ ራዲዮ ጥሪ መርፌ የሚወጋ ጠፋ። ነርሷም፣ "እናንተ ሰዎች፣ ሆስፒታሉን ተርሚናል አደረጋችሁት" እያለች ከሳቁ ተካፈለች። ጉንጯ ላይ አንዲት ቁስል ብቻ የነበረባት ተማሪ በቁስሏ ዙሪያ ስትወጋ ቆይታ ስትሸኝ፣ ራዲዮ መነሻዋን በክብር አወጀችላት።

ሳምንታት አለፉ። እብጠቱ መሸብሸብ ጀመረ፣ አየር እንደ ክር እየቀጠነ ገባ። አንድ ጠዋት ራዲዮ ተራ እየቆጠረች ስትጠራ፣ "ስድስት… ሰባት…" አለችና ሳታስበው "ስምንት!" አለች።

ራሷም ደነገጠች። "መ"ም "ነ"ም በየቦታቸው ነበሩ።

"ድገሚው!" አሉ ግንበኛው።

"ስምንት!"

ክፍሉ አጨበጨበ። ባሏ ከሰዓት ሲመጣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ "መንገደኛ፣ መናኸሪያ፣ ማመናመን!" ብላ ተቀበለችው። ጎሚስታው "የመጨረሻው ቃል አይታወቅም" አለና ሁለቱም ሳቃቸው እንባ አመጣ።

ስትወጣ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ጠባሳ፣ በቀኝ አፍንጫዋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉድለት ቀረ። ድምጿም ያው አልሆነም፤ ወፈር፣ ሻከር ብሏል። ግንበኛው ግን አልወጡም። የእሳቸው መልክ ቶሎ የማትለቅ ናት፤ ሄደች ስትባል የምትመለስ። እብጠታቸው ከጎደለ በኋላ አንዴ አገርሽቶባቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። "ቤት የሚሠራ ሰው ቢፈርስበትም ይሠራል" ብለው ሸኟት። ራዲዮ ትጠይቃቸዋለች፤ እብጠታቸው እየሳሳ መሄዱን በየጊዜው ትነግራቸዋለች።

መናኸሪያው ግን በተቀዳው ድምፅ ይሠራ ነበር። "አይታመምም፣ እረፍት አይጠይቅም" አላት ኃላፊው፤ ዓይኗን እያየ አልነበረም። ራዲዮ አልለመነችውም። "መልካም ሥራ ይሁንልዎት" ብላ ወርዳ ከባሏ ሱቅ ተቀመጠች። ለኩሩ ሰው ልመና ከመርፌ ይብሳል።

ብዙ አልቆየም። ከባድ ዝናብ ዘነበና ወደ ገደሉ ግርጌ የሚወስደውን ድልድይ ጎርፍ ቆረጠው። ሾፌሮቹ አወቁ፣ ሻይ ቤቱ አወቀ፣ የተቀዳው ድምፅ ግን አላወቀም። "ስምንት ቁጥር አውቶቡስ አሁን ይነሳል" እያለ ደግሞ ደጋግሞ ይጠራል። ሰዉ ይሳፈራል፣ ሾፌሩ ያስወርዳል፣ ድምፁ እንደገና ይጠራል። ግቢው ተተራመሰ። ኃላፊው ካፖርቱን በራሱ ላይ ደርቦ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ጎሚስታው ሱቅ ደረሰ።

"እባክሽ እህቴ፣ ነይ። ማሽኑ አልሰማ አለኝ።"

"ጆሮ የለውማ" አለች ራዲዮ።

"ቦታሽ ያንቺው ነው፣ አጥፍቻለሁ።"

"አንድ ነገር አለኝ። ጠዋት ጠዋት ስምንት ቁጥር ሳይነሳ በፊት ስለ ቁንጭር እናገራለሁ።"

ኃላፊው አፉን ከፈተ። "መንገደኛ አይሸሽም?"

"ከእኔ የሚሸሸውን ያህል ሸሽቷል፤ የቀረው ይሰማል።"

ወጣች፤ ደረጃው ተንቃጨለ። መንገዱ መቆረጡን፣ ጉዞው ለማግስቱ መዛወሩን፣ አዛውንቶችና ሕፃናት የያዙ በየትኛው መጠለያ እንደሚያርፉ ነገረች። ድምጿ ወፍሮ ቢሰማም ግቢው ወዲያው ረጋ። አንድ ጫኝ ከታች ቀና ብሎ፣ "ራዲዮ ተመለሰች!" ብሎ ጮኸ፤ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉላት።

መንገዱ ሲጠገን ንግግሯን ጀመረች፦ "ክቡራን የገደሉ ግርጌ መንገደኞች! ፊታችሁ ላይ፣ ወይም ልጃችሁ ፊት ላይ፣ ሳትድን ወራት ያለፏት፣ የማታምም፣ የማታሳክክ ቁስል ካለች ቁንጭር ልትሆን ትችላለች። እርግማን አይደለችም፤ በመነካካት አትጋባም። በተለይ ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ከተጠጋች አትጠብቋት፤ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት አላት። እኔን ይዛኝ ነበር። ያላመነ ደረጃውን ወጥቶ አፍንጫዬን ይይ!"

እውነትም ወጡ! ስንት ዓመት ማንም የማያውቀው ደረጃ ወረፋ ያዘ። አንዲት አሮጊት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ላይ ሲደርሱ ከላይ እስከ ታች አዩአትና፣ "ይህችው ናት? እኔ እኮ ማማ የምታክል መስላኝ!" አሉ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አፍንጫ እንድታይላቸው ጠየቋት። እሷም "እኔ ጠሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም" ብላ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደውን ታክሲ አሳየቻቸው።

ወደ ቆዳ ክፍሉ የሚመጣው ሰው እየበዛ ሲሄድ ሐኪሟ ባልደረቦቿን ይዛ ወደ መንደሩ ራሷ ለመሄድ ወሰነች፤ ራዲዮንም አብራቸው እንድትሄድ ጠየቀቻት። ምርመራው የተደረገው በትምህርት ቤቱ ክፍሎች ውስጥ ነው። ራዲዮ በእጅ የሚያዝ ማጉያ ይዛ በየመንገዱ ጠራች፤ ሰዉ ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቀላሉን እዚያው አከሙ፤ ከባዱን ለሆስፒታል ለዩ። አመሻሽ ላይ ሕፃናት ደጅ እንዳይቆዩ፣ አጎበር እንዲዘረጋ፣ ከቤት አጠገብ ያለ የድንጋይ ስንጥቅ እንዲደፈን ሐኪሟ አስረዳች። እናት ወረፋው መሐል ቆመው፣ አንዷ ጎረቤት "ይህች ተናጋሪ ሴት ማን ናት?" ብትላቸው፣ "እሷማ የእኔ ናት፤ ቁንጭርን እንግዳ ናት ብዬ ያስቀመጥኩባት፣ እሷ ግን ከነጓዟ ያስወጣቻት ልጄ!" አሉ።

አንድ ቤት ግን በሩ እንደተዘጋ ነበር። ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ ከንፈሯ አብጦ፣ ሰው እንዳያያት ከውስጥ ቆልፋለች። እናቷ ለምና አቃታት። ራዲዮ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀምጣ በሩ ሥር ቁጭ አለች፤ በዝግታ፣ ያለ ማጉያ አወራቻት። ስለ ጫኞቹ ሳቅ፣ ስለ ታክሲዋ ሴት፣ ስለ መርፌው ክፋት፣ ስለ ግንበኛው። ምንም አልሸሸገችም፤ "ጠባሳ ይቀራል" አለቻት፣ "እኔም ላይ ቀርቷል።" በመጨረሻ መቀርቀሪያው ተሳበ። ልጅቷ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ከፍ አድርጋ ብቅ አለች፣ የራዲዮን አፍንጫ አየች፣ ከዚያ ሻርፑን ዝቅ አደረገችው።

በመመለሻው ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሾፌሩ ልጅቷንና እናቷን ከፊተኛው ወንበር ካስቀመጠ በኋላ መቀመጫ አልቀረም፤ ራዲዮ ከኋላ ልትቆም ስትል ጠራት።

"ወዴት ነው? ጋቢና ግቢ!"

"ጋቢና ለትልልቅ ሰው ነው" አለችው።

"እኔ ማንን ጠራሁ ታዲያ?" አለና በሩን ከፈተላት። ራዲዮ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ተከፈተው መስኮት አዞረችና መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ ነፋሱ ጠባሳዋ ላይ እየነፈሰ፣ አውቶቡሱ ከመንደሩ ወጣ።